«ኤሲ አለን» አይበቃም፦ የቀዶ ሕክምና ክፍልን አየር ለክቶ የማስተካከል ዝርዝር መመሪያ

ስለ ቀዶ ሕክምና ክፍል አየር ጥያቄ ሲነሳ በብዙ ሆስፒታሎች የሚሰጠው መልስ «ኤሲ አለን» የሚል ነው። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ስፕሊት ኤሲ የሚሠራው ግን አንድ ሥራ ብቻ ነው፤ የክፍሉን አየር ስቦ ያቀዘቅዝና መልሶ እዚያው ይተፋዋል። ከውጭ ንጹሕ አየር አያስገባም። ደቃቁን ብናኝ አይዝም። የኮሪደሩ አየር በበሩ ሥር ሾልኮ እንዳይገባም አያግድም። ክፍሉ እስኪያንቀጠቅጥ ቀዝቅዞም አየሩ ቆሻሻ ሊሆን ይችላል።

ይህ መመሪያ ለባዮሜዲካል ባለሙያዎች፣ ለቀዶ ሕክምና ክፍል ነርስ አስተባባሪዎችና ግዢ ለሚፈርሙ ሥራ አስኪያጆች የተዘጋጀ ነው። ቅደም ተከተሉ ሆን ተብሎ የተመረጠ ነው፦ መጀመሪያ የአየሩ አቅጣጫ፣ ቀጥሎ መጠኑ፣ ከዚያ ማጣሪያው፤ ገንዘብ የሚወጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በተግባር የሚታየው ብዙውን ጊዜ ግልባጩ ነው። መሣሪያ ይገዛል፣ ይገጠማል፣ ይመረቃል፤ አየሩ ወዴት እንደሚሄድ ግን ማንም አይጠይቅም።

መድረሻውን ማወቅ

የቀዶ ሕክምና ክፍልን አየር በዋናነት የሚያቆሽሸው ሰው ራሱ ነው። ሰው ሲንቀሳቀስ በደቂቃ ወደ 10,000 የሚጠጉ ጥቃቅን የቆዳ ቅርፊቶችን ያራግፋል፤ ከእነዚህ አሥር በመቶ ያህሉ ባክቴሪያ ተሸካሚ ናቸው። ጋውንና ጭንብል ይቀንሷቸዋል እንጂ ጨርሰው አያስቀሯቸውም። ቅርፊቶቹ ተንሳፈው ይቆዩና ቁስሉ ላይ ወይም ተከፍቶ በተቀመጠው የመሣሪያ ጠረጴዛ ላይ ያርፋሉ። የአየር ሥርዓቱ ተግባር ሳያርፉ ጠርጎ ማውጣት ነው።

በስፋት የሚጠቀሰው መለኪያ አሽሬ የተባለው የአሜሪካ መሐንዲሶች ማኅበር ያወጣው ደረጃ 170 ነው። ለቀዶ ሕክምና ክፍል የሚጠይቀው በአጭሩ ይህ ነው፦

- በሰዓት ቢያንስ 20 የአየር ልውውጥ፣ ከዚህ ውስጥ ቢያንስ 4ቱ ከውጭ በሚገባ አየር
- ከአጎራባች ክፍሎች ቢያንስ በ2.5 ፓስካል የሚበልጥ ግፊት
- ከ20 እስከ 24 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀት፣ ከ20 እስከ 60 በመቶ አንጻራዊ እርጥበት
- ከጠረጴዛው በላይ ካለው ጣሪያ ወደ ታች የሚወርድ አየር፣ መውጫውም ቢያንስ በሁለት ቦታ በግድግዳው ግርጌ፣ ከወለሉ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ

አንድ የአየር ልውውጥ ማለት የክፍሉን ይዘት የሚያህል አየር ገባ ማለት ነው። 20 ጊዜ ማለት ደግሞ በየሦስት ደቂቃው አንድ ጊዜ ማለት ነው።

ደረጃ 1፦ አየሩ ወዴት እንደሚሄድ እዩ

ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ስስ የሶፍት ቁራጭ ነው፤ ሁለት ሴንቲ ሜትር ስፋትና አንድ ስንዝር ያህል ርዝመት ይኑረው። ክፍሉን ቀዶ ሕክምና እየተካሄደበት እንዳለ አድርጉት፦ በሮችና መስኮቶች ይዘጉ፣ ኤሲውም ሆነ ፋኑ እንደ ወትሮው ይሥሩ። ከኮሪደሩ በኩል ተንበርከኩና ቁራጩን በበሩና በወለሉ መካከል ካለው ክፍተት ፊት አንጠልጥላችሁ ያዙት። ጫፉ ወደ እናንተ ከተገፋ አየሩ ከክፍሉ እየወጣ ነው፤ ደግ ነው። ወደ በሩ ሥር ከተሳበ የኮሪደሩ አቧራ፣ የተጠባባቂው ሳልና የጫማው ትቢያ ወደ ታካሚው እየሄደ ነው። ሳይነቃነቅ ከቀረም ክፍሉ የሚከላከልለት ግፊት የለውም።

ይህንኑ በሁሉም በሮች፣ በመሣሪያ ማቀበያ መስኮቱ፣ በእጅ መታጠቢያው በኩልና በኮርኒሱ ስንጥቆች ድገሙ። ከዚያ በአጠገብ ያለውን የማምከኛ ክፍል ወይም የመጸዳጃ ቤት ማስወጫ ፋን አስነሥታችሁ እንደገና እዩ። ጎረቤት ያለ ፋን የእናንተን ክፍል አየር አቅጣጫ ሊገለብጥ ይችላል።

ይህ ፍተሻ አንድ የተለመደ ስሕተት ያጋልጣል፤ የግድግዳ ማስወጫ ፋን። ክፍሉ ይታፈናል፣ የማደንዘዣ ሽታ ይከብዳል ይባልና ግድግዳው ተበስቶ አየር የሚያወጣ ፋን ይገጠማል። ሐሳቡ ቅን ነው። ነገር ግን የወጣውን ያህል አየር ከአንድ ቦታ መግባቱ አይቀርም፤ ማስገቢያ ካልተሠራለት የሚገባው በበሩ ሥር፣ በኮርኒሱ ስንጥቅና በወለል ፍሳሹ ቀዳዳ ነው። ሶፍቱ ወደ በሩ ሥር ሲሳብ ካያችሁ ማጣሪያ ያለው ማስገቢያ እስኪሠራ ድረስ ፋኑን በቀዶ ሕክምና ወቅት አጥፉት፣ ቀዳዳውንም ክደኑት። የማደንዘዣው ጋዝ በሌላ መንገድ መወገድ አለበት፤ ወደ እሱ እንመለሳለን።

አቅጣጫው ትክክል ከሆነ ግፊቱን በቁጥር ለኩ። 2.5 ፓስካል ማለት ሩብ ሚሊ ሜትር የውሃ ከፍታ ነው፤ ተራ የውሃ ቱቦ ላይ በዓይን አይለይም። ስለዚህ ዲጂታል ማኖሜትር ወይም በር አጠገብ በቋሚነት የሚሰቀል የግፊት ማሳያ ያስፈልጋል። ግፊቱ አልደርስ ካለ ፋን ከማሳደጋችሁ በፊት ስንጥቁን ድፈኑ። በሚገባ በተደፈነ ክፍል ውስጥ የሚገባው አየር ከሚወጣው በ15 በመቶ ያህል ከበለጠ ብዙውን ጊዜ ይበቃል።

ደረጃ 2፦ መጠኑን ለኩ

ርዝመት፣ ስፋትና ቁመት በሜትር ለክታችሁ አባዙ። 6 በ6 ሜትር የሆነና 3 ሜትር ቁመት ያለው ክፍል 108 ሜትር ኪዩብ ይሆናል። 20 ልውውጥ ለማግኘት በሰዓት 2,160 ሜትር ኪዩብ አየር መግባት አለበት፤ ከውጭ መምጣት ያለበት ድርሻ ደግሞ 432 ነው።

የሚገባውን አየር ለማወቅ የእያንዳንዱን የጣሪያ ማስገቢያ ፊት በዓይነ ሕሊናችሁ በዘጠኝ ካሬዎች ከፍላችሁ፣ በእያንዳንዱ መካከል የንፋስ ፍጥነት መለኪያውን ይዛችሁ፣ አማካዩን ውሰዱ። ማስገቢያው 60 በ60 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ስፋቱ 0.36 ካሬ ሜትር ነው። አማካይ ፍጥነቱ በሰከንድ 0.4 ሜትር ቢሆን 0.36 × 0.4 × 3,600፣ ማለትም በሰዓት 518 ሜትር ኪዩብ ያህል ይገባል። አራት እንዲህ ያሉ ማስገቢያዎች ካሉ ድምሩ 2,070 ገደማ ነው፤ ለ108 ሲካፈል 19.2 ይሆናል። ለጥቂት ያልሞላ ነው፤ ማጣሪያው መለወጫው እንደ ደረሰ የሚጠቁም ሊሆን ይችላል።

ደጋ ላይ ለምትሠሩ አንድ ብርቱ ማሳሰቢያ አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ያህል ከፍ ስለምትል የአየሩ እፍጋት ከባሕር ጠለሉ በሩብ ያህል ያንሳል፤ በሜትር ኪዩብ 1.2 ኪሎ ግራም የነበረው ወደ 0.9 ይወርዳል። መለኪያዎች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የተስተካከሉት ለባሕር ጠለል ነው። በጋለ ሽቦ የሚሠራ መለኪያ የከባቢ አየር ግፊት ካልተሞላበት እውነተኛውን ፍጥነት አሳንሶ ያሳያል፤ አዲስ አበባ ላይ ንባቡን በ1.3 ማባዛት ይገባል። በፒቶ ቱቦ፣ ማለትም ፍጥነቱን ከነፋሱ ግፊት በሚያሰላ መለኪያ፣ የሚለካው በ1.15 ይባዛል። የሚሽከረከር ቅጠል ያለው መለኪያ ግን እንዳለ ይነበባል። ጋምቤላና ሰመራ ቆላ ስለሆኑ እርማቱ ትንሽ ነው። የትኛው መለኪያ እንደተያዘ ያልጻፈ የፍተሻ ሪፖርት ከደረሳችሁ ቁጥሩን አትመኑት።

ደረጃ 3፦ ስፕሊት ብቻ ላለው ክፍል

የጣሪያ ማስገቢያ ከሌለ የሚለካ ንፋስ የለም። እዚህ የሚረዳው የካርቦን ዳይኦክሳይድ መለኪያ ነው። የዕለቱ የመጨረሻ ቀዶ ሕክምና ሲያበቃ የሠራተኛው ትንፋሽ በክፍሉ ተጠራቅሟል። መለኪያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡ፣ ሁሉም ሰው ይውጣ፣ በሩ ይዘጋ። መነሻውንና ከአንድ ሰዓት በኋላ ያለውን ንባብ መዝግቡ፤ የውጭውን አየርም ለኩ፤ 420 ፒፒኤም (ከሚሊዮን የአየር ክፍል 420ው) አካባቢ ይሆናል።

ከሁለቱም ንባቦች የውጭውን ቀንሱ፣ የመጀመሪያውን ለሁለተኛው አካፍሉ፣ የውጤቱን ናቹራል ሎጋሪዝም ውሰዱ። ንባቡ ከ2,000 ወደ 1,000 ቢወርድ 1,580 ለ580 ሲካፈል 2.72 ይሆናል፤ ሎጋሪዝሙ 1 ነው። ክፍሉ በሰዓት የሚያገኘው የውጭ አየር አንድ ልውውጥ ብቻ ነው ማለት ነው፤ ከዝቅተኛው መስፈርት ሩቡ። ለሥራ አስኪያጁ ይዛችሁ የምትገቡት ይህን ቁጥር ይሁን። «አየሩ ይከብዳል» ከማለት ይልቅ በጀት የማስፈቀድ ዕድሉ የሰፋ ነው።

ደረጃ 4፦ ማጣሪያና ማስገቢያ

ማጣሪያ በተርታ ይገጠማል። የመጀመሪያው ሻካራው አቧራና ነፍሳትን ይይዛል፣ መካከለኛው ደቃቁን፣ የመጨረሻው ሄፓ ደግሞ 0.3 ማይክሮን የሆኑ ብናኞችን 99.97 በመቶ ያስቀራል። ሄፓ ውድ ነው፤ ዕድሜው የሚረዝመው ከፊቱ ያለው ርካሽ ማጣሪያ ቶሎ ቶሎ ሲለወጥ ነው። በበጋ አቧራ ወራት ይህ ይበልጥ እውነት ነው።

ሄፓን ማጠብ ወይም በኮምፕረሰር መንፋት ማጣሪያውን መቅደድ ነው። ለዓይን የነጣና የጸዳ ይመስላል፤ በማይታየው ቀዳዳ ግን ብናኙ ያልፋል። የሚታጠበው አምራቹ ይታጠባል ያለው የብረት መረብ ብቻ ነው። መቼ እንደሚለወጥ የሚነግራችሁ በማጣሪያው ፊትና ኋላ ያለው የግፊት ልዩነት ነው። ሲገጠም የነበረውን ቁጥር ፍሬሙ ላይ በማርከር ጻፉት፤ እጥፍ ሲደርስ ለውጡት። ስትለውጡ ፋኑን አጥፉ፣ ኤን95 ጭንብል አድርጉ፣ አሮጌውን እዚያው በፕላስቲክ ከረጢት አሽጉት። አዲሱ ከገባ በኋላ የጎማ ማሸጊያውን ዙሪያ በጣታችሁ ዳስሱ። አየር በማጣሪያው ጎን ካለፈ ማጣሪያ እንደሌለ ቁጠሩት።

አንድ ቀን ወደ ጣሪያው ውጡና የአየር ማስገቢያው አፍ የት እንዳለ እዩ። ከጀነሬተር ጭስ፣ ከቆሻሻ ማቃጠያ፣ ከማገዶ ማድ ቤትና ከመጸዳጃ ቤት መተንፈሻ ቢያንስ 8 ሜትር ያህል ይራቅ፤ ነፋሱ በብዛት ከየት እንደሚነፍስም አስቡ። መብራት ጠፍቶ ጀነሬተሩ በተነሣ ቁጥር ክፍሉ ናፍጣ ናፍጣ የሚሸት ከሆነ መልሱ ያለው እዚያ ነው።

ደረጃ 5፦ ገንዘቡ ትንሽ ሲሆን

ለመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ሙሉ የአየር ማቀናበሪያ ማሽን ሩቅ ሊሆን ይችላል። እኔ ብሆን ገንዘቡን በዚህ ቅደም ተከተል አወጣለሁ። አስቀድሜ ስንጥቆችን አሸጋለሁ፣ በሩ በራሱ እንዲዘጋ አደርጋለሁ። ቀጥሎ ፋንና የማጣሪያ ተርታ ያለበት ሣጥን ግድግዳ ወይም ጣሪያ ላይ አስገጥሜ የውጭ አየር አጣርቼ አስገባለሁ፤ በተቃራኒው ግድግዳ ግርጌ መውጫ እከፍታለሁ። እንደ አዲስ አበባ፣ ደሴና ጎንደር ባሉ ከተሞች የውጭው አየር አብዛኛውን ዓመት ለዘብ ያለ ስለሆነ ሁሉንም አየር ከውጭ ማስገባት ይቻላል፤ ለክረምትና ለሌሊት ትንሽ ማሞቂያ ይጨመርበታል። ቆላ ላይ ግን ያን ሁሉ ትኩስ አየር ማቀዝቀዝ የመብራት ሒሳቡን ስለሚያንር ድርሻው ወደ 4 ልውውጥ ዝቅ ይላል፤ ቀሪው በሄፓ እየተጣራ ይዘዋወራል።

ተንቀሳቃሽ ሄፓ ማሽን ጊዜያዊ እገዛ ያደርጋል። በሰዓት 500 ሜትር ኪዩብ የሚያጣራ ማሽን ለ108 ሜትር ኪዩብ ክፍል ከ4.6 ልውውጥ ጋር እኩል ነው። ግፊት ግን አይፈጥርም፤ የማደንዘዣ ጋዝም አያስወግድም። ትንፋሹ ወለሉን ወይም የመሣሪያ ጠረጴዛውን እንዳይመታ አድርጋችሁ አስቀምጡት። ስፕሊቱም የሚቆይ ከሆነ ንፋሱ በታካሚው ላይ እንዳያልፍ ይዞር፤ ውሃ የሚጠራቀምበት ትሪው ሻጋታ ስለሚይዝ በየጊዜው ይጽዳ።

ደረጃ 6፦ በር፣ ሰውና ጊዜ

በር በተከፈተ ቁጥር የለካችሁት ግፊት ለዚያች ቅጽበት ይጠፋል። አንድ ሰው ወረቀት ይዞ በሩ ላይ ይቁምና በአንድ ቀዶ ሕክምና ውስጥ በሩ ስንት ጊዜ፣ ለምን እንደተከፈተ ይመዝግብ። ክር ለማምጣት፣ ስልክ ለመመለስ፣ የቀጣዩን ታካሚ ካርድ ለመጠየቅ… ዝርዝሩን ስታዩ አብዛኛው ምክንያት መድኃኒት ያለው ሆኖ ታገኙታላችሁ። ክሩ ከመጀመሪያው ተሟልቶ ይቀመጥ፣ ከውጭ ጋር መነጋገሪያ ኢንተርኮም ይተከል፣ ተማሪዎችም ተራ ይያዙ።

በሁለት ቀዶ ሕክምናዎች መካከል ምን ያህል እንደሚጠበቅ ልውውጡ ይወስነዋል። 99 በመቶ የሚሆነውን የአየር ብክለት ለማስወገድ በሰዓት 20 ልውውጥ ባለው ክፍል 14 ደቂቃ፣ በ12 ልውውጥ 23 ደቂቃ፣ በ6 ልውውጥ 46 ደቂቃ፣ በ2 ልውውጥ ደግሞ 138 ደቂቃ ይፈጃል። መብራት ጠፍቶ ሥርዓቱ ሲቆምም ይኸው ሰዓት እንደ አዲስ ይቆጠራል። ስለዚህ የአየር ማስገቢያው ፋን ከመብራቱና ከማደንዘዣ ማሽኑ ጋር በጀነሬተር መስመር ላይ ይሁን። ሌሊት ሥራ ባይኖርም ሙሉ በሙሉ አታጥፉት፤ ግፊቱ እስከተጠበቀ ድረስ ፍጥነቱን መቀነስ ይበቃል።

በፎርማሊን የማጠን ልማድ አሁንም አልፎ አልፎ ይታያል። ይቅር። ፎርማልዲሃይድ ካንሰር አምጪ መሆኑ የተረጋገጠ ነው፤ ሌሊቱን የታጠነ ክፍልም ጠዋት ሰው ሲገባበት ቅርፊቱ መራገፉን አያቆምም።

ደረጃ 7፦ ጋዝና ጭስ

የማደንዘዣ ጋዞቹ ሃሎቴንና አይሶፍሉሬን በማጣሪያ አይያዙም፤ ሄፓ ብናኝ እንጂ ጋዝ አያስቀርም። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ተቋም ኒዮሽ እንደ ሃሎቴን ላሉ ጋዞች ያስቀመጠው ከፍተኛ ገደብ 2 ፒፒኤም ነው፤ አፍንጫችሁ ሃሎቴን ሸተተው ማለት ከዚያ በብዙ አልፏል። ከማደንዘዣ ማሽኑ የሚወጣውን የትርፍ ጋዝ ቱቦ በእጃችሁ እየተከተላችሁ መጨረሻውን ፈልጉ። ማሽኑ ጀርባ ወለል ላይ ወይም ኮርኒስ ውስጥ የሚያበቃ ከሆነ ጋዙ የትም አልሄደም። ጫፉ ከሕንጻው ውጭ፣ ከመስኮትና ከአየር ማስገቢያ ርቆ ይውጣ፤ ቱቦው እንዳይታጠፍም ተጠንቀቁ። በኤሌክትሪክ ሥጋ የሚቆርጠውና ደም የሚያቆመው መሣሪያ፣ ኮተሪ፣ የሚያወጣውን ጭስ ደግሞ የመምጠጫው አፍ ከሚቃጠለው ቦታ 5 ሴንቲ ሜትር ባልበለጠ ርቀት ተይዞ መሳብ አለበት።

ሙቀትን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ ልበል። በጋውን ውስጥ የሚያልበው ሐኪም ኤሲውን ወደ 18 ማውረድ ይወዳል። በብዙ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታሎች በብዛት የሚሠራው ግን በቀዶ ሕክምና ማዋለድ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ሕፃን ለሚወለድበት ክፍል የሚመክረው ቢያንስ 25 ዲግሪ ነው። ሪሞቱ በነርስ አስተባባሪዋ እጅ ይሁን።

ሳንባ ነቀርሳ ያለበት ታካሚ ሲመጣ ግፊቱን ለመገልበጥ አትሞክሩ። ሊዘገይ የሚችል ከሆነ ይዘግይ፤ የማይዘገይ ከሆነ የዕለቱ መጨረሻ ይሁን፣ ሠራተኛው ኤን95 ያድርግ፣ በሩ አይከፈት፣ ከዚያም በደረጃ 6 የተዘረዘረው የመጠበቂያ ደቂቃ ይከበር።

ደረጃ 8፦ ግዢ

ሻጮች አዘውትረው የሚያቀርቡት ላሚናር ፍሎው የተባለውን፣ የተጣራ አየር ሳይናወጥ በአንድ አቅጣጫ ወደ ታች የሚያወርደውን ጣሪያ ነው። ሐሳቡን ያስፋፋው እንግሊዛዊው የአጥንት ሐኪም ጆን ቻርንሌይ ነው፤ በ1960ዎቹ በራይቲንግተን ሆስፒታል አየሩንና የሐኪሞቹን ልብስ እየቀየረ የዳሌ መገጣጠሚያ ኢንፌክሽንን ከ7 በመቶ በላይ ከነበረበት ወደ 1 በመቶ ገደማ አወረደው። የዓለም ጤና ድርጅት ግን በ2016 ባወጣው መመሪያ፣ መገጣጠሚያ ለሚተካላቸው ታካሚዎች እንኳ የኢንፌክሽን ስጋትን ለመቀነስ ተብሎ ይህ ሥርዓት እንዳይተከል መክሯል፤ ማስረጃው ደካማ መሆኑንም አልደበቀም። በበሩ ሥር አየር ገና ወደ ውስጥ እየሳበ ላለ ክፍል ይህን መግዛት ቅንጦት ነው።

በጨረታ ሰነዱ ላይ የከተማችሁን ከፍታ በሜትር ጻፉ። ፋን በባሕር ጠለል የሚሰጠው ግፊት አዲስ አበባ ላይ በሩብ ያህል ይቀንሳል፤ የሄፓ ማጣሪያ ተቃውሞ ግን በአየሩ መሳሳት አብሮ አይወርድም። ስለዚህ ካታሎጉ ላይ የሚያብቃቃ የመሰለው ፋን እዚህ ሲገጠም ያጥረዋል። የማቀዝቀዝ አቅሙም ቀጭን አየር ጥቂት ሙቀት ስለሚሸከም ይወርዳል። የመጨረሻው ክፍያ የሚፈጸመው ተከላው ስላበቃ ሳይሆን የልውውጡ መጠን፣ በየበሩ ያለው ግፊትና የሄፓው ማሸጊያ ፍተሻ በእናንተ ባለሙያ ፊት ተለክቶ፣ የመለኪያው ዓይነትና የከፍታ እርማቱ ተጽፎ ሲፈረም ነው። ትርፍ ማጣሪያዎች፣ ቢያንስ ለሁለት ዓመት የሚበቁ ሻካራና መካከለኛ እንዲሁም አንድ ተጨማሪ የሄፓ ስብስብ፣ በዚያው ውል ውስጥ ይካተቱ፤ በኋላ ለብቻ ለመግዛት የውጭ ምንዛሪ መጠበቅ ይመጣል።